ነጩ ጭረት፤ ከቢሾፍቱ እስከ ላንጋኖ አራት ቀን

ሐሙስ፤ ቢሾፍቱ

የጉዞው ሐሳብ የእናቴ ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከወር በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የዋና ሥልጠና ጀምራ በሁለተኛው ቀን ተወችው። አሠልጣኙ «ትለምጂዋለሽ» ብሎ ከገንዳው ዳር ገፈተራት፤ ውሃ ጠጥታ፣ እያሳላት፣ ጎትተው አወጧት። ከዚያ ወዲህ ሻወር ሥር አትቆምም። ፀጉሯ የሚታጠበው በጆግ ነው፤ ያውም አንገቷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗ ላይ ፎጣ ተደርጎላት። እናቴ ይህን ስትሰማ ስፌቷን ሳታስቀምጥ «ውሰዳታ» አለችኝ።

«የት?»

«አንተ የተወሰድክበት ነዋ!»

ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት እረፍት ሲዘጋ ሦስታችንም በአሮጌዋ ቪትዝ ተነሣን። እናቴ ከፊት፣ እግሯ ሥር ዳቦ ቆሎ የሞላ ፌስታል፤ ልጄ ከኋላ፣ ሮዝ የዋና ልብሷ ከነዋጋ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ። የቃሊቲ መጨናነቅ ሳይጀምር ስለወጣን ቢሾፍቱ በጊዜ ገባን። እናቴ እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት ነው የምትለው።

ያደግኩት እዚህ ነው። አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር፤ ሚጎቹ በላያችን ሲያልፉ የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከተማው ሐይቅ በሐይቅ ነው፤ ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። ዛሬ የሐይቅ ዳር መሬት ወርቅ ሆኗል፤ በእኛ ሰፈር ግን ቤቶቹ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ነበር የሚሠሩት። ከቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ላይ ቡና ልንጠጣ ስንቀመጥ እናቴ ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች። «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይህን ያያል?»

ልጄ ወደ ታች አየችና «ስንት ሜትር ነው?» አለች። ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል አልኳት። ዝም አለች። የቢሾፍቱ ሐይቆች ክፋታቸው ጥልቀታቸው ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ቀስ እያለ የሚወርድ ዳርቻ የላቸውም፤ አንዱ እርምጃ ጉልበትህ፣ ሁለተኛው ወገብህ፣ ሦስተኛው የለም።

እኛ የምንዋኘው ሆራ ነበር፤ ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ። ልብሳችንን አጣጥፈን ከድንጋይ ሥር እንሸጉጥና አንዱን ትንሽ ልጅ ዘብ እናቆማለን። ትምህርቱ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። ከትልልቆቹ ሁለቱ እጅህን፣ ሁለቱ እግርህን ይይዙና «አንድ፣ ሁለት...» እያሉ አወዛውዘው ይወረውሩሃል። ሦስት ሲባል የሰማ የለም። ስምንት ዓመቴ ነበር። የማስታውሰው አረንጓዴነቱን ነው፤ ከላይ ብርሃን፣ ከታች ምንም፣ ጆሮዬ ውስጥ የገዛ ልቤ ድለቃ። እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። አንዱ በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? በማግስቱ ደግሞ ውሃ ላይ እየተሽከረከረች የምትሮጠውን ጥቁር ጥንዚዛ ከነነፍሷ የዋጠ ዋና ይችላል አሉኝ። ዋጥኩ። ጉሮሮዬን ቧጥጣኝ ወረደች እንጂ ዋናውን አላመጣችልኝም። (ልጄ ከታሪኩ ሁሉ የወደደችው ይህችን ነው፤ ሦስቴ አስደገመችኝ።)

ማታ ማታ የእናቴ ችሎት ይሰየማል። ሐይቅ ውስጥ የዋለ ልጅ ቆዳው ይደርቃል። እማዬ ከምጣዷ አጠገብ ሳትነሣ ክንዴን ሳብ ታደርግና በአውራ ጣቷ ጥፍር ከክርኔ እስከ አንጓዬ ትጭረዋለች። ጭረቱ ነጭ ሆኖ ከቀረ አለቀልህ፤ አመድ ላይ በስንጥር የተሰመረ ይመስላል። ስለዚህ ከሐይቅ መልስ አንድ ቆርቆሮ ቫዝሊን ለስምንት እንቀባ ነበር። ቫዝሊኑ ሲያልቅ የምግብ ዘይት፣ ዘይት ሲጠፋ የብስክሌት ግራሶም ሞክረናል። ግራሶ የተቀባ ልጅ ግን ሳይጫርም ይታወቃል።

በ1979 ክረምት ከስምንታችን አንዱ አልወጣም። ልብሱ ከድንጋዩ ሥር ነበር፤ ካኪ ቁምጣ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ፣ በላዩ ላይ ጫማው። ማንም አልነካውም። ሰባት ሆነን በሰባት መንገድ ወደየቤታችን ገባን፤ ማታ እናቱ በየደጁ እያንኳኳች ስትጠይቅ ሰባታችንም አላየነውም አልን። የዚያን ቀን እማዬ ክንዴን አልጫረችም። እኔም ከዚያ በኋላ ሐይቅ አልወረድኩም፤ ሳፋ ውስጥ ፊቴን መንከር እንኳ አቆምኩ።

ይህኛውን ለልጄ አልነገርኳትም። ከሰዓት በኋላ ሆራ ወረድን፤ ዳሩን ይዘን ጥቂት ሄድን። ድንጋዩን በዓይኔ ፈለግኩት። ያለበት የመሰለኝ ቦታ ዛሬ አጥር ውስጥ ገብቷል።

ዓርብ፤ ሶደሬ

ከአዳማ ወደ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጉዞውን ሁሉ የታገሠችው ለዚህ ቀን ነው። ትናንት ሐይቅ አይታ ወንበር ያዞረችው ሴትዮ ፍል ውሃው ውስጥ አርባ ደቂቃ ቆይታ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ነጠላዋን አሸርጣ ወጣች።

«እማዬ፣ ውሃ አትፈሪም እንዴ?»

«ይሄ ጠበል እንጂ ውሃ ነው?»

ለዚህ መልስ የለኝም።

ጦጣዎቹ ገና ከመኪና ሳንወርድ የልጄን ብስኩት ነጠቋት። ከግቢው ሥር የሚያልፈው አዋሽ ነው፤ አዞ ስላለበት ወንዙ ዳር መጠጋት አይመከርም። እናቴ ይህን እንደሰማች ዳቦ ቆሎዋን ይዛ ከወንዙ በጣም የራቀውን ዛፍ መረጠች።

ትልቁ ገንዳ ውሃው ሞቅ ያለ ነው፤ ከምንጩ ነው የሚመጣው። ልጄ ዳሩ ላይ የተጻፈውን የሜትር ቁጥር ሁሉ እየዞረች አነበበችና ትንሹ ቁጥር ያለበት ደረጃ ላይ ተቀምጣ እግሯን ነከረች። እኔ ከሕይወት አድን ሠራተኛው ጋር ወሬ ጀመርኩ። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ ፊሽካውን በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ስለ ዋና ተነሥቶ ሮቤል ኪሮስ ሳይነሣ አይቀርም፤ እኛም አነሣነው። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95 ገብቶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ የወጣው ልጃችን። የወርቁ ባለቤት አውስትራሊያዊ በፍጻሜው 47 ሰከንድ ከ58 ነበር የፈጀበት። ያን ሰሞን በሰውነቱ ያልቀለደ አልነበረም። እኔም ቀልጃለሁ፤ አልዋሽም። ሰውዬው ቀልዴን ሰምቶ ሲያበቃ «ገንዳው ይኸው፣ ውሃውም ይኸው» አለና ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘልኝ። መቶውን ሜትር በ3 ደቂቃ ከ20 ጨረስኩት፤ ሁለት ጊዜ ዳር ይዤ አርፌ። ሰውዬው አልሳቀም፤ ቁጥሩን ብቻ አሳየኝ።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በውጤቴ ተናድጄ ይሁን ቸኩዬ አላውቅም። ልጄን አግባብቼ እስከ ደረቷ አስገባኋት። በሆዷ አስተኝቼ በሁለት መዳፌ ያዝኳት። እግሯን መታች፤ ሳቀችም። እኔ ደግሞ ሳልነግራት እጄን ቀስ ብዬ ከሥሯ ሳብኩት። ሁለት ሰከንድ ተንሳፈፈች፤ እምላለሁ ተንሳፍፋለች። ከዚያ ባዶ እጄን ከጎኗ አየችው።

ጩኸቷን ሰምቶ ሸበቶው ሰውዬ ከወንበሩ ተነሣ። ልጄ ደረጃውን ይዛ ወጣች፣ ፎጣዋን እስከ አናቷ ተከናነበች፣ «ሳትነግረኝ ለቀኸኝ» አለች። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። እስከ ራት አላናገረችኝም።

ራት ላይ እናቴ የጾም ሽሮዋን እየጠቀለለች፣ እኔን ሳታይ፣ «አጎትህ እንዲህ ነበር ያደረገህ?» አለች።

አልነበረም።

ቅዳሜ፤ ዝዋይ

ወደ ሞጆ ተመልሰን የሐዋሳን መንገድ ያዝን። ቆቃ ጋ ልጆች ዓሣ በገመድ ሰክተው ለመኪና ያሳያሉ። የቆቃ ግድብ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው ስላት ልጄ «ካሳ ምንድን ነው?» አለች። ጥፋት ያጠፋ ሰው የሚከፍለው ነው አልኳት። መስታወቱ ውስጥ ትክ ብላ አየችኝ። ሁለት አይስክሬም አስከፈለችኝ።

ዝዋይ ስሙ ባቱ ሆኗል፤ እናቴ ግን እንደ ደብረ ዘይት ሁሉ ይሄንንም በአሮጌ ስሙ ነው የምትጠራው። እዚህ የሚኖረው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር፤ የኤንትሬ ሹፌር። በ1980 ክረምት እማዬ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ እሱ ዘንድ ሰደደችኝ። ለቅጣት ነበር የመሰለኝ። ጥፋቱንም አውቀው ነበር፤ «አላየሁትም» ማለቴ ነው። ሠላሳ ስንት ዓመት እንደዚያ አስቤ ኖሬያለሁ።

ምሳ ላይ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝን። እናቴ ለልጄ እሾሁን እየለቀመች ሳለ ድንገት ጀመረችው።

«ለቅጣት መስሎህ ነበር እንዴ? ሞኝ! ስጭርህ ስጭርህ ክንድህ አለቀ፤ የምትተው መሰለኝ። ያ ልጅ የሞተ ጊዜ ገባኝ፤ ወንድ ልጅ ከሐይቅ አይቀርም። ፈርቶ ዓመት ይቆያል፣ ጓደኛ ሲስቅበት ተመልሶ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሳይችል ነው የሚገባው። ለወንድሜ ጻፍኩለት። ጻፍኩለት እንኳን አይባልም፣ የሰፈር ልጅ አጻፍኩ፤ ወይ አስተምረው፣ ወይ አብረኸው ስጠም።»

ሁለተኛውን ዓሣ አንሥታ እሾህ መልቀም ቀጠለች። እኔ ጉሮሮዬ ውስጥ የተሰነቀረው እሾህ ነው ብዬ እንጀራ ጎረስኩበት።

ማምሻውን ሐይቁ ዳር ሄድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ እንደ ጡረተኛ ተሰልፈው ቆመዋል። ከወዲያ ቱሉ ጉዶ ይታያል፤ የዛይ ሰዎች ደሴት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦት የተሸሸገበት ነው የሚባለው። ልጄ የለመደችውን ጠየቀች፤ ስንት ሜትር? ትልቅነቱን አትይ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ያህል ነው አልኳት። «ከእኔ ካለፈ ያው ነው» አለች። ትክክል ናት። እዚህ ግን አንዋኝም፤ ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዝያም አለ። አጎቴም እዚህ ውሃ ውስጥ እግሬን አስነክሮኝ አያውቅም።

እሑድ፤ ላንጋኖ

ከዝዋይ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አጎቴ ጭነት በሌለበት እሑድ በኤንትሬው ይዞኝ የሚመጣው እዚህ ነበር። ከኋላ ሁልጊዜ ትርፍ ካላማዳሪ አለ፤ አራት ቦታ የተለጠፈ፣ ፀሐይ ሲመታው የጎማ ጠረን የሚሸት።

ላንጋኖን ላላየ፣ ውሃው ቡናማ ነው። ቆሻሻ አይደለም፤ ከአርሲ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች የሚያመጡት አፈር እጅግ የላመ ስለሆነ አይዘቅጥም፣ እንደተንሳፈፈ ይኖራል። ቢልሃርዝያ የለበትም ስለሚባል ነው ለዋና የሚመረጠው። መሐሉ ከ40 ሜትር በላይ ቢጠልቅም ዳሩ ለብዙ እርምጃ ከወገብ አያልፍም። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ቀለሙን አይቼ ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ሆራ ቢያንስ እግር ያሳያል! አጎቴ አልተቆጣም። «ወተት የበዛበት ሻይ ነው» አለ፤ በቁምጣው ገብቶ ውሃው እስከ አንገቱ እስኪደርስ ቁጭ አለ፤ ባርኔጣውን እንኳ አላወለቀም። ከኪሱ የተቀቀለ በቆሎ አውጥቶ መብላት ጀመረ። እኔ ራበኝ። ገባሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ትምህርት ይኸው ነበር፤ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ በቆሎ መብላት። ሁለተኛው እሑድ አፋችንን ነክረን አረፋ አስወጣን። በሦስተኛው በጀርባዬ አስተኝቶ መዳፉን ማጅራቴ ሥር አደረገ፤ የመኪና መሪ የጨበጠ መዳፍ፣ ቆዳው የኮረኮንች መንገድ የመሰለ። «ደረትህን በአየር ሙላና ዝም በል። የሞላ ካላማዳሪ ሰጥሞ አይተሃል? የሚያሰጥምህ ጩኸቱ ነው፤ አየሩን ታስወጣዋለህ» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ነው እናቴ ዓርብ ማታ ያስታወሰችኝ። «እለቃለሁ ካላልኩ አለቅህም። አሁን በአምስት ጣት ነው የያዝኩህ። አሁን አራት።» ጣቱን ባነሣ ቁጥር ይነግረኛል። አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። «እለቃለሁ» አለ። ለቀቀ። ሰማዩ ላይ አንድ አሞራ ነበር፤ ክብ ሠርታ እስክትመለስ ድረስ አልሰጠምኩም።

ካላማዳሪው ለምን እንደመጣ እስከ መጨረሻው አልገባኝም ነበር። ምሳ የሚበላበት ወንበሩ ነበር።

ዛሬ እንግዲህ በቆሎ በጥር ከየት ይመጣል? ዳቦ ቆሎ ይዤ ገባሁ። ውሃው እስከ አንገቴ እስኪደርስ ቁጭ አልኩ። ልጄ ዳር ቆማ እናቴን አየች፤ እናቴ ጥላ ሥር ሆና «እኔን ምን ታዪኛለሽ» አለቻት። ዳቦ ቆሎ ሲርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው መሰለኝ፣ ልጄ ገባች። (ሲርስ ምንም አይጠቅምም።) ስለ ዓርቡ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አዋቂ ሲሆኑ አጭር ይቅርታ ማለት ያቅታል፣ እኔም ሦስት ደቂቃ ያህል አስረዳሁ። «እሺ በቃ» አለችኝ።

በጀርባዋ ተኛች። ጣት መቁጠሩን ነገርኳት፤ እሷ ግን ሕጉን ቀየረችው። እኔ አልናገርም፤ የምታዝዘው እሷ ናት። «አምስት።» ሰማዩን እያየች፣ ከንፈሯን ጨምቃ፣ ረጅም ጊዜ ቆየች። «አራት።» ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ዳር የተኙ ሰዎች ሁሉ ቀና ብለው ያዩናል። «ሦስት። ሁለት።» እናቴ ጥላዋን ትታ ቆማለች። «አንድ።»

ማጅራቷ አመልካች ጣቴ ላይ ነው። ትንፋሿ ሲገባ ደረቷ ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ዝቅ።

«አትልቀቅ» አለች።

አልለቀቅኩም። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ላይ ስትደርስ አትልቀቅ አለች። አንድ ጣት ሃያ አምስት ኪሎ እንደማይሸከም አልነገርኳትም። ደርሳበትም ይሆናል፤ ወደ ማታ «ጣትህ ደከመ?» ብላኝ ፈገግ አለች።

በዚህ መሐል አንድ ነገር አምልጦኝ ነበር። ማታ አልጋዋ ላይ እናቴ የልጄን ክንድ ሳብ አደረገችና በአውራ ጣቷ ጥፍር ከክርን እስከ አንጓ ጫረችው። ነጭ። የእኔንም ሳበች፤ አርባ አምስት ዓመት አልፎኝ ክንዴን ሰጠሁ። ነጭ። ልጄ አያቷን አየች፣ አሰበች፣ ከአልጋው ወርዳ የእናቴን ቀሚስ ጫፍ ገለጥ አደረገችና ቅልጥሟ ላይ በትንሿ ጥፍሯ ሰመረች።

ከጉልበቷ በታች አመድ ላይ የተጻፈ የሚመስል ነጭ መስመር።

«አያቴም ገብታለች! አባዬ፣ አያቴም ገብታለች!»

«ዝም በይ አንቺ» አለች እናቴ ቀሚሷን እየሳበች። «ይልቅ ያንን ቫዝሊን አቀብይኝ።»